የፈረሱ ግምገማ

ሥራዬ ሰነድ ማጣራት ነው። እንጅባራ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ሰው ይዞት የመጣውን ወረቀት አገላብጣለሁ። ማህተሙ ፊርማው ላይ ነው ያረፈው ወይስ ፊርማው ማህተሙ ላይ፣ ቀኑ ላይ የተደረበ ቀለም አለ ወይ፣ እያልኩ አያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስሠራ ጥርጣሬው ከቢሮ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ገብቷል። ወተት ስገዛ ጣቴን ነክሬ ሳይ ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ያለው ሰው ገንፎ ሲበላ ተወግቶ ነው እንጂ ዝም ብሎ አልተናገረውም።

ጌም እንደምጫወት የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በእኔ ዕድሜ ያለች የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራ ወጥታ ጆይስቲክ ትጨብጣለች ቢባል ማን ያምናል? እኔም ስለ ሌላ ሴት ቢነግሩኝ አላምንም። ልማዱን ያስያዘኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ ዳንግላ ከተማ ዳር አባታችን ቤት ይኖራል፤ ስልክ ጠጋኝ ነው። ለሁለታችን አንዲት አሮጌ የጌም ማሽን አለችን፤ አንድ ወር እኔ ጋ፣ አንድ ወር እሱ ጋ ትከርማለች። ተራው ሲደርስ በማካሮኒ ካርቶን አሽገን ለሚኒባስ ረዳት እንሰጣታለን። እኔ የገመዱን ቋጠሮ ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ እልክለታለሁ፤ መንገድ ላይ ተፈትቶ እንደሆነ እንዲያይ። እስከ ዛሬ ተፈትቶ አያውቅም፤ እኔም ፎቶ ማንሳቴን አልተውኩም።

አንድን ጌም ሁለታችንም ስንጨርስ ቅዳሜ ከሰዓት በስልክ ግምገማ እንቀመጣለን። ስሙን ያመጣሁት ከቢሮዬ ነው። መጀመሪያ ጠንካራ ጎን፣ ቀጥሎ ደካማ ጎን፣ በመጨረሻ ግለ ሂስ። ደንባችን ሁለት ብቻ ነው። ቀድሞ የጨረሰ መጨረሻውን ለሌላው አይናገርም። «ጨረስኩ» የሚል ደግሞ መጨረሻውን በዓይኑ አይቶ መሆን አለበት፤ ከኢንተርኔት አንብቦ ወይም ከሰው ሰምቶ አይሆንም። ዘንድሮ ሦስት ጨርሰናል፤ ማለቴ፣ እኔ ሦስት ጨርሻለሁ።

የመጀመሪያው የእርሻ ጌም ነበር። ዛሬ የተተከለ ድንች በአራተኛው ቀን ይቆፈራል፤ ዝናብ በተባለበት ቀን ይመጣል፣ በተባለበት ሰዓት ያባራል። የገበሬ ልጅ ነኝና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በረዶ ስጠብቅ ሰነበትኩ። ገብሱ ዘለላ ሲያወጣ «አሁን ይመጣል» እላለሁ። አልመጣም። ጨርሼው እንኳ ልቤ አላረፈም፤ በረዶ የማይመታው እርሻ ከጀርባው ሌላ ነገር ያለው ይመስለኛል። ወንድሜ በዘጠኝ ቀን ጨረስኩ ሲለኝ አላመንኩትም። ላጠምደው ብዬ መጨረሻ ላይ የወፍጮ ቤቱ በር ቀለሙ ምንድን ነው አልኩት። ወፍጮ ቤቱ በር የለውም አለኝ። እውነቱን ነው፤ የለውም። በዚያ ቀን ግለ ሂሱ የእኔ ሆነ።

ሁለተኛው የወንጀል ምርመራ ነበር። አንድ ሆቴል ውስጥ ሰው ተገድሎ ገዳዩን መፈለግ ነው። ለእኔ የተሠራ ጌም አይደል? አሥር ሰው ተራ በተራ ጠረጠርኩ፤ አልጋ አንጣፊዋን፣ ዘበኛውን፣ የሟችን ወንድም። አንድ ሰው ብቻ አመንኩ፤ የእንግዶችን መዝገብ የሚይዘውን ጸሐፊ። ጽሑፉ ንጹሕ፣ ቀኑ የተሟላ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነበር። ገዳዩ እሱ ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ ሳምንት ሙሉ ሳቀብኝ።

ሦስተኛው የፈረስ ጌም ነው። አንድ ሰው ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ተራራ ላይ ላለ መንደር ደብዳቤ ያደርሳል፤ ያለው ነገር ፈረሱና ደብዳቤው ብቻ ነው። ሲጀምር ለፈረሱ ስም አውጣ ይላል። እኔም የአባቴን ፈረስ ስም ጻፍኩለት። ስሙን እዚህ አላነሳውም። በእኛ አካባቢ የድሮ ሰው በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፤ የአባቴን የክርስትና ስም ቄሱና ቀበሌው ብቻ ናቸው የሚያውቁት፤ ሌላው ሰው «አባ» ይልና የፈረሱን ስም ያስከትላል። ስለዚህ የፈረሱን ስም መጻፍ አባቴን መጻፍ ነው።

ፈረሱን ግን አላመንኩትም። አይበላም፣ አያልበውም፣ ሽቅብም ቁልቁልም እኩል ይሮጣል። ፉጨት ከሰማ ከገደል ማዶም ቢሆን ይመጣል። የአባቴ ፈረስ በስሙ ተጠርቶም የሚመጣው ሲፈልግ ነው። ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ለግምገማው መዘገብኩ። ሳላውቀው ግን ለመድኩት። በተለይ ሲቆም የሚያሰማውን ድምፅ። ሁለት ጊዜ ፉርር ይላል፣ ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ ልጓሙ ይንሿሿል፣ ከዚያ በቀኝ እግሩ መሬቱን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ኳ፣ ኳ። ሁልጊዜ ያው ነው፤ አንዲት ሳትጨመር፣ አንዲት ሳትጎድል። ቡና እያፈላሁ እንኳ ከጓዳ ስሰማው መቆሙን አውቅ ነበር።

መጨረሻው ላይ አንድ ድልድይ አለ። ፈረሱ ሰውየውን ጭኖ ድልድዩ መሐል ሲደርስ ይወድቃል፤ አይነሳም። ሰውየው ደብዳቤውን ይዞ የቀረውን መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ጆይስቲኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ወር ሙሉ ሐሰተኛ ነህ ስለው ለከረምኩት ፈረስ ማልቀሴ አናደደኝ። በማግስቱ ማሽኗን አሽጌ ወደ ዳንግላ ላክሁና ለወንድሜ ደውዬ «ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቀስ በል» አልኩት። ደንቡን መስበሬ ነበር፤ ግማሹን።

በዚያው ሳምንት አባቴ ለዓይናቸው ሕክምና እኔ ጋ መጡ። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ነበር፤ መጀመሪያ የቀኙ ተገፈፈላቸው። ፈረሱን ለወንድሜ ትተው ነው የመጡት። አሥራ ሁለት ዓመት የኖረ ፈረስ ነው፤ በየዓመቱ በጥር፣ በፈረሰኞቹ በዓል ሲወጡ ግላሱን፣ ያን ያጌጠ የክብር ልብሱን አልብሰው የሚቀመጡበት። ሲሰናበቱት ሣሩን መቼ፣ ውኃውን መቼ፣ ጨው ስንት ጊዜ እያሉ ወንድሜን ደጅ ላይ አቁመው ግማሽ ሰዓት እንዳስተማሩት ራሱ ስቆ ነግሮኛል።

ሐኪሙ ያለን እጅ እንዳያስነኩት፣ ከባድ እንዳያነሱና እንዳያጎነብሱ ነው። እኔ ለወንድሜ ስነግረው እንባም ጠብታ እንዳይነካው ብሏል፣ ዓይናቸው እስኪድን የሚያሳዝን ወሬ እንዳታወራ አልኩት። እንባውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ አፉ አይያዝለትም፤ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ እያለ አባቴን እንዳይረብሽብኝ አስቀድሜ አጥር ማጠሬ ነበር።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ቀን «ጨረስኩ» ብሎ መልእክት ላከልኝ። ቅዳሜ ለግምገማ ደወልኩ። ጠንካራ ጎን ስለው አገሩ ያምራል አለ። ደካማ ጎን ስለው የለውም አለ። ወንድሜ ደካማ ጎን የሌለው ነገር አይቶ አያውቅም፤ በሠርጌ ቀን እንኳ ድንኳኑ ጠበበ ብሎ የገመገመ ሰው ነው። መጨረሻውስ ስለው «ቆንጆ ነው» አለኝ። ድልድዩን የተሻገረ ሰው ቆንጆ ነው አይልም። ፈረሱስ እንዴት ነበር ብዬ ስጠይቀው ኔትወርክ እየተቆራረጠ ነው ብሎ ዘጋው። በእኛ አካባቢ ኔትወርክ ያልሠራው ኃጢአት ብዙ ይለጠፍበታል። ስልኩን እንደያዝኩ፣ ይህ ልጅ አልጨረሰም፣ ለምንድን ነው የሚዋሸኝ አልኩ።

አባቴ በየቀኑ ይደውሉለት ነበር። «ፈረሱ?» ነው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው። ደህና ነው፣ ሣር ጠግቧል ይላል ወንድሜ። በተከታዩ ቅዳሜ ግን አባቴ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ፣ ላናግረው አሉ። ወንድሜ ሜዳ ላይ ነው ያለው አለ። እጠብቃለሁ አሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ራሱ ደወለና ፈረሱ አጠገቤ ነው አለ።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አባቴ ጥቁር መነጽራቸውን እንዳደረጉ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው በአገውኛ አናገሩት። ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከፈረሱ ጋር ሁልጊዜ በአገውኛ ነው፤ የሚሉትን እዚህ ልተረጉመው አልፈልግም፤ ለእሱ የተባለ ነው። ሲጨርሱ መልሱን ጠበቁ።

ሁለት ጊዜ ፉርር አለ። ልጓም ተንሿሿ። ከዚያ፣ ኳ፣ ኳ።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ አርባ ሰዓት ሰምቼዋለሁ። ድልድዩን የሚሻገረው ፈረስ ነው። ወንድሜ ስልኩን የያዘው ቴሌቪዥኑ ጎን ነው። አባቴን አየኋቸው። በፉርርታው ፈገግ ብለው ነበር፤ በኮቴው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምን ላይ ነው የቆመው?» አሉ።

ደጅ፣ ሣሩ ላይ አለ ወንድሜ።

«ሣር ኳ አይልም» አሉ አባቴ። «ብረት መትተህበታል። ፈረሴን ጋሪ አስገብተኸዋል።»

እኔ ያልሰማሁትን እሳቸው ሰምተዋል። የእኛ ፈረስ በባዶ ኮቴው ነው የሚኖረው፤ ሜዳ ላይ ተወልዶ ሜዳ ላይ ይሮጣል። ብረት የሚመታበት አስፋልት የሚውል የከተማ የጋሪ ፈረስ ብቻ ነው። ጌሙን የሠሩት ሰዎች አገራቸው ፈረስ ሁሉ ብረት ይለብስ እንደሆነ አላውቅም፤ ወር ሙሉ ያንን ፈረስ ስጠረጥር ኮቴው ግን አንድም ቀን አልከነከነኝም። ለአባቴ ደግሞ ግላስ ለብሶ በጥር የወጣ ፈረስ ሲሚንቶና ጤፍ ሲጎትት መዋሉ፣ እሳቸውን ራሳቸውን ጋሪ ውስጥ እንደ መጥመድ ነው። ስማቸው ነው የተጠመደው።

ወንድሜ «አዎ» አለ።

ያ «አዎ» ዘግይቶ የመጣ ነው። እንደዚያ ያለ ማህተም ቢሮዬ ቢመጣ አላሳልፈውም።

አባቴ ስልኩን ዘጉት። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ከእንግዲህ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም አሉ። ሁለተኛውን ዓይኔንም ተዉት፣ አሉ፣ ፈረሴ ጋሪ ሲጎትት ላይበት ነው የሚያበሩልኝ? ዳንግላ ስመለስ ሽማግሌ ሰብስቤ ልጄ አይደለም እላለሁ አሉ። አባቴ የማያደርጉትን አይናገሩም። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ጠብ አውቃለሁ፤ ከገዛ አጎታቸው ጋር ተቀያይመው አጎታቸው እስኪቀበሩ ድረስ አልተነጋገሩም። ወንድሜን ሊያጡት፣ እሱም ሊያጣቸው ነው።

የሰማሁትን አልነገርኳቸውም። ራሴም ገና የማውቀው ግማሹን ነበር፤ ድምፁ የጌሙ ነው፣ እውነተኛው ፈረስ ግን የት ነው? ፈረሱም ያው ሜዳውም ያው ብዬ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ሚኒባስ ያዝኩ። እስከ ዳንግላ ድረስ ወንድሜን ስከስሰው ሄድኩ። ሸጦታል። ለኳስ ቁማር ሸጦታል። መቼ እንደጀመረ ሁሉ አሰብኩለት። ባጃጅ ይዤ ከደጃቸው ስወርድ የምናገረውን በቃሌ አጥንቼው ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ጋጣው ጋ ነው። ተጠርጓል። ትኩስ ፋንድያ የለም። ጥግ ላይ አንድ ሸክም ሣር ገመዱ ሳይፈታ ደርቋል። ኮርቻው ግን ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ ተወልውሎ ተሰቅሏል፤ ፈረስ የሸጠ ሰው ኮርቻውን አያስቀርም። ያጠናሁት ንግግር ከአፌ ጠፋ።

ወንድሜ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ፈረሱ ከድልድዩ ወዲህ ቆሟል። ከኋላው ያለውን ሜዳ አየሁት፤ የኮቴ ዱካ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ሲያመላልሰው የከረመ ይመስላል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሳል ያዘው አለኝ። ሐኪም አምጥቶ ነበር፤ ተወግቷል፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተኝቶ ቀረ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ለጅብ አልጣልኩትም፣ እታለም» አለ። «ከጎረቤቶቹ ጋር ሦስት ሆነን ቀበርነው። ቀኑን ሙሉ ቆፈርን።»

ለምን አልነገርከንም አልኩት።

«እንባ አይነካው ብሏል አላልሽኝም?»

ሐኪሙ ያላለውን ቃል እኔ ነኝ ከአፌ ያወጣሁት። ሰነድ ላይ አንዲት ቃል የጨመረን ሰው ስንት ጊዜ አሳፍሬ መልሻለሁ።

ጋሪ አስገብቻለሁ ያልከውስ አልኩት። አባባ ሊክዱህ ነው፣ ታውቃለህ?

«የተናደደ ሰው አያለቅስም» አለ። «ፈረሱ ጋሪ ይጎትታል ካሉ ደግሞ በሕይወት አለ ማለት ነው።»

ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ እያየ ስለ ጌሙ ነገረኝ። እኔ ቀስ በል ስለው ድልድዩ ላይ ምን እንደሚመጣ ገብቶታል። እዚያ የደረሰው ፈረሱ በተቀበረ ማግስት ነው። ቀስ አለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቀስ እንዳለ ነው። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ብዙ ሰው ጠርጥሬ አውቃለሁ፤ በመጠርጠሬ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ግን የለም።

አብረን እንሂድ ስለው እምቢ አለ፤ መጀመሪያ የአባባ ዓይን ይዳን አለ። የፈረሳችንን ልጓም በፌስታል ጠቅልዬ ብቻዬን ተመለስኩ። እንጅባራ ስደርስ ጉሙ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል። አባቴ ከአልጋቸው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ ጠበቁኝ። የት እንደሄድኩ አልጠየቁም። ልጓሙን ጭናቸው ላይ አኖርኩና ፈረሱ መሞቱን፣ መቼ እንደሞተ፣ እንዴት እንደተቀበረ ነገርኳቸው። በስልክ የሰሙት የቴሌቪዥን ፈረስ መሆኑንም ነገርኳቸው።

ልጓሙን በእጃቸው ዳሰሱት። ማሰሪያውን፣ ብረቱን፣ ራሳቸው የጠገኑትን ቦታ።

«ጋሪ ሳይገባ ነው የሞተው?» አሉ።

«ሳይገባ ነው፣ አባባ።»

«እግሩን ብረት ሳይነካው?»

«ሳይነካው።»

«ተመስገን» አሉ፤ ከዚያም አለቀሱ። መነጽራቸውን አወለቁትና እንባቸው ከሁለቱም ዓይናቸው ወረደ፤ ከተገፈፈውም፣ ገና ካልተገፈፈውም። እኔ ንጹሕ ጨርቅ ፍለጋ ቤቱን ዞርኩ። ጨርቁን ይዤ ስመለስ፣ ሐኪሙ ስለ እንባ ምንም አላለም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት ብዬ ተናዘዝኩላቸው። አውቃለሁ፣ አሉኝ፣ አንቺ ሁልጊዜ ትጨምሪያለሽ።

ደውይለት አሉኝ። ወንድሜ ሲያነሳው በመጀመሪያ የት እንደቀበረውና ራሱን ወደየት እንዳዞረው ጠየቁት። ወደ ምሥራቅ አለ፤ ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት። አባቴ ጥሩ አደረግህ አሉት። ሁለቱም ዝም አሉ፤ እኔም ኔትወርኩ እንዳይሆን ብዬ ስልኩን አየሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

በመጨረሻ አባቴ ያ የቴሌቪዥኑ ፈረስ አሁንም አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አለ፣ አለ ወንድሜ፤ ድልድይ አጠገብ ቆሟል።

«ትንፋሹ ደህና ነው» አሉ አባቴ። «ብረቱን ግን አውልቅለት።»